የጓሮ ኩሬያችሁ በበረዶ ወራት እንዳይታፈን፦ ከቅጠል ለቀማ እስከ ስፕሪንግ

ኮሎራዶ ውስጥ ቤት ስትገዙ አንዳንዴ ጓሮውን ከነኩሬው ትረከባላችሁ። ኩሬው ውስጥ ጎልድፊሽ አለ፤ ኮይ የሚባለው ባለቀለም የካርፕ ዓሣም ሊኖር ይችላል። የቀድሞው ባለቤት ስለ ጋራዡ በር፣ ስለ ሣሩ፣ ቆሻሻ ስለሚነሳበት ቀን ሁሉ ነግሯችሁ ይሄዳል። ስለ ዓሣዎቹ ግን ትንፍሽ አይልም። ሰመሩ ያለ ችግር ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው ብርዱ ጠንክሮ ኩሬው ከላይ ሲዘጋ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ዴንቨርን፣ ኦሮራንና አካባቢውን በማሰብ ነው። ሚኒሶታና ዲሲ አካባቢ ላላችሁ የሚለየውን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ። ዋናው ነገር ግን የትም አንድ ነው። ኩሬውን ማሞቅ አይጠበቅባችሁም። ከላይ አንድ ቀዳዳ ክፍት ይሁን፤ ታች ያለውን ውሃ ደግሞ ማንም አይነካካው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሲባል የሚሠራ ነው።

ዓሣው ብርድ ሳይሆን መታፈን ነው የሚጎዳው

ጎልድፊሽና ኮይ ብርድ ይችላሉ። ቀዝቃዛ ውሃ እንዲያውም ከሞቃት ውሃ የበለጠ ኦክሲጅን ይይዛል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ነው የሚይዘው። ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ 14.6 ይይዛል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዚህ ወደ 17 በመቶ ቀንሱ፤ ያም ሆኖ ይተርፋል። ዓሣው ደግሞ በብርድ ጊዜ ሰውነቱ ቀስ ስለሚል የሚፈልገው ትንሽ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው የሚገድለው? ግግሩ ኩሬውን እንደ ድስት ክዳን ይገጥመዋል። ከሥር የረገፈ ቅጠል፣ የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ በዝግታ ይበሰብሳል። ብስባሹ ኦክሲጅኑን ይበላና በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይለቃል። መውጫ የለውም። ግግሩ ላይ ስኖው ሲከመርበት ደግሞ ብርሃን ይቀራል። ብርሃን ከቀረ አልጌውም ኦክሲጅን መሥራት ያቆማል። ለአንድ ሁለት ቀን ምንም አይደለም። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ኩሬው ቀስ በቀስ ይመረዛል፤ እናንተም የምታውቁት በረዶው ቀልጦ ዓሣዎቹ ሲንሳፈፉ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የውሃ ጠባይ ነው። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም 39 ፋራናይት ላይ ነው። ስለዚህ 4 ዲግሪው ውሃ ታች ይተኛል፤ ከዚያ በላይ የቀዘቀዘው ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣና በረዶ ይሠራል። ዓሣዎቹ የበረዶውን ወራት የሚያሳልፉት እዚያ ታች ባለው ውሃ ውስጥ፣ ሳይንቀሳቀሱ ነው። አየር ልስጣቸው ብላችሁ የአየር ድንጋዩን (ከፓምፕ በቱቦ የሚመጣውን አየር በአረፋ የሚበትነውን ቀዳዳማ ድንጋይ) ወለሉ ላይ ብታስቀምጡት፣ አረፋው የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ እየጎተተ ከግግሩ ሥር ካለው ጋር ያማታዋል። ሁሉም ወደ ዜሮ ይጠጋል። በሰመር ትክክል የነበረው አቀማመጥ አሁን መኝታቸውን መቀማት ይሆናል።

እግረ መንገዴን፣ ጎልድፊሽ ጉደኛ ፍጥረት ነው። ኦክሲጅን ጨርሶ ሲያጣ ሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ቀይሮ በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል። ዘመዱ ክሩሽያን ካርፕ በሰሜን አውሮፓ በዚህ ዘዴ ከበረዶ ሥር ለወራት ይቆያል። በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል በ100 ሚሊሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ሲደርስ ተለክቷል፤ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ መኪና መንዳት የሚያስከለክል መጠን ነው። ኮይ ግን ይህ ችሎታ የለውም። ሁለቱ አብረው ያሉበት ኩሬ ከታፈነ ቀድሞ የሚሄደው ውዱ ኮይ ነው።

1. ቅጠሉን ቅደሙት

ይህን ደረጃ ልትዘሉ ካሰባችሁ፣ ቀዳዳውን በአረፋ ክፍት የሚያደርገውን የአየር ፓምፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። ወለሉ ላይ ስንዝር ሙሉ ብስባሽ የተኛበትን ኩሬ ምንም ፓምፕ አያድነውም።

ዴንቨር ላይ ቅጠል በብዛት የሚረግፈው ኦክቶበርና የኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ፣ ኩሬው ላይ መረብ ዘርጉ። መረቡ ውሃውን እንዳይነካ ወጠር አድርጋችሁ ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። መሃሉ ከረገበ ቅጠሉ እዚያው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ መረብ መዘርጋታችሁ ትርጉም ያጣል። በየሳምንቱ መረቡን አራግፉ።

አስቀድሞ የወረደውን በእጀታ መረብ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ጥቁርና ግም ግም የሚል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አትዛቁት። ሲታመስ የታመቀው ጋዝ ባንዴ ይለቀቃል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ በሁለት ሦስት ዙር ጨርሱት። የደረቁ የውሃ ተክሎችን ቅጠል ቁረጡ። ብርድ የሚችል የውሃ ሊሊ ካላችሁ ከነማሰሮው ወደ ጥልቁ ክፍል አውርዱት። የሞቃት አገር ተክል ከሆነ ግን ወደ ቤት አስገቡት፤ አለዚያ ሞቶ እሱም ብስባሽ ይሆናል።

መረቡን የምታነሱት የመጨረሻው ቅጠል ከወደቀ በኋላ ነው። ስኖው ሲጫነው ኩሬው ውስጥ ይዞት ይወርዳልና ከዚያ አታሳልፉት።

2. ምግቡን አቁሙ

በ10 ዶላር አካባቢ የኩሬ ቴርሞሜትር ይገኛል። ክር አስራችሁ ወደ ታች ልቀቁት። የምትከተሉት የውሃውን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይደለም።

ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቶሎ የሚፈጭ፣ በስንዴ ላይ የተመሠረተ የብርድ ጊዜ ምግብ ስጡ፤ እሱንም በጥቂቱ። ከ10 ዲግሪ ማለትም ከ50 ፋራናይት በታች ሲሆን ሙሉ በሙሉ አቁሙ።

እዚህ ላይ ዴንቨር ታሳስታለች። ጃንዋሪ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሰው በቲሸርት የሚንሸራሸርበት ቀን አለ። ዓሣዎቹም ብቅ ይላሉ። እንግዳ መጥቶ "አይ ምስኪን፣ ርቧቸው እኮ ነው!" ይልና ፍርፋሪ ሊጥል ይቃጣዋል። ከልክሉት። ማታ ውሃው ሲቀዘቅዝ የበሉት ሳይፈጭ ሆዳቸው ውስጥ ይቀራል። በሰመር ያጠራቀሙት ስብ ይበቃቸዋል። እኛ ቤት "ጠግቤያለሁ" ያለን ሰው ማንም አያምነውም፤ ዓሣን ግን እመኑት።

3. ፏፏቴውን አጥፉ

ፏፏቴ ያለው ኩሬ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ቢፈስ አየር ይሰጣል ብላችሁ ትተዉት ይሆናል። አንዳንድ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ በረዶ የሠራ ፏፏቴ ሲታይም ያምራል። እኔ ግን አልመክርም። አንደኛ፣ ብርድ አየር ላይ እየተረጨ የሚመለሰው ውሃ ኩሬውን በሙሉ ያቀዘቅዘዋል። ሁለተኛ፣ በረዶው ድንጋዮቹ ላይ ግድብ ይሠራና ውሃውን ከኩሬው ውጪ ይመልሰዋል። ፓምፑ አያውቅም፤ ኩሬውን ወደ ሣሩ እየገለበጠ ያድራል። ጠዋት ስትነሱ ግግሩ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ደግሞ ግማሽ ውሃ ብቻ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ጠንካራ ብርዶች ሳይመጡ አጥፉት። ቧንቧዎቹን አፍስሱ። ውሃ ውስጥ የሚሠራውን ፓምፕ አውጥታችሁ አጥቡና ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ከርሞ እንዲቆይ በረዶ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ባልዲው ውስጥ የሚቀመጠው ጎማዎቹ እንዳይደርቁ ነው። አልጌ የሚገድል ዩቪ መብራት ካለው እሱንም አፍስሳችሁ አስገቡ፤ የመስታወት ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል።

4. የአየር ፓምፑን ምረጡ

መጀመሪያ ኩሬያችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ እወቁ። ርዝመት በወርድ በአማካይ ጥልቀት፣ ሁሉም በሜትር፤ ውጤቱን በ1,000 አባዙት። ለምሳሌ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 80 ሴንቲሜትር የሆነ ኩሬ 4,800 ሊትር ይይዛል፤ ወደ 1,270 ጋሎን ማለት ነው። በሜትር ፈንታ በጫማ (ft) ከለካችሁ ሦስቱን አባዝታችሁ በ7.5 ስታበዙ በቀጥታ ጋሎን ይሰጣችኋል።

ለእንዲህ ያለ ኩሬ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር አየር የሚገፋ ፓምፕ ለበረዶ ወራት ይበቃል። ከዚያ የበለጠ ግዙፍ ፓምፕ ገዝቶ ኩሬውን ማፍላት ጥቅም የለውም፤ ውሃውን ማማታት ብቻ ይሆናል። ሳጥኑ ላይ ለውጪ አገልግሎት የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የሳሎን ጌጥ የምትሆነዋ ትንሿ የአኳሪየም ፓምፕ እዚህ አትሠራም፤ እርጥበትና ውርጭ ቶሎ ያበላሿታል። የዲያፍራም (አየሩን የሚገፋው የውስጥ ጎማ) መለዋወጫ የሚገኝለትን ምረጡ፤ ዲያፍራም ያልቃል፣ ሲያልቅ ደግሞ በሌሊት ነው።

ፓምፕ ወይስ ማሞቂያ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሒሳቡን እዩት። 25 ዋት የሚበላ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን 15 ሳንቲም ብንለው 2 ዶላር ከ70 ይመጣል። 1,500 ዋት የሆነ ተንሳፋፊ ማሞቂያ ያለማቋረጥ ከሠራ ግን በቀን 36 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 162 ዶላር። ስለዚህ ፓምፑ የዘወትር ሠራተኛ ነው፤ ማሞቂያው ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

5. ፓምፑ የት ይቀመጥ?

ከኩሬው ውሃ ከፍ ያለ ቦታ ላይ። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑ ሊመጣ ይችላል፤ ፓምፑ ከፍ ካለ ይህ አይሆንም። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ብሎኬት ወይም ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ያም ሆኖ ቱቦው ላይ፣ ፓምፑ አጠገብ፣ ቼክ ቫልቭ ግጠሙ። ጥቂት ዶላር ነው፤ አየሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ቫልቩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ኩሬው ያመልክት።

ስኖው እንዳይቀብረው ክዳን ያስፈልገዋል። ጎኑ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይሆናል። ግን አትጠቅልሉት። ፓምፑ ራሱ ይሞቃል፤ ብርድ ልብስ ከደረባችሁለት ይቃጠላል፣ አየር የሚስብበትም ቦታ ያጣል።

"ለምን ቤት ውስጥ አስቀምጬ ቱቦውን ብቻ በመስኮት አላወጣውም?" ትሉ ይሆናል። ብልህ ይመስላል፤ ግን ችግር አለው። የቤት አየር ሞቃትና እርጥብ ነው። ያ አየር ውጪ ባለው ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ እርጥበቱ ጠል ይሆናል፣ ጠሉ ይረጋና ቱቦውን ይዘጋዋል። የውጪው አየር ደረቅ ነው፤ ዴንቨር ላይ በተለይ። ውጪ ይሁን።

መብራቱን በተመለከተ ቀልድ የለም። ፓምፑም ማሞቂያውም ጂኤፍሲአይ ሶኬት ላይ ብቻ ይሰኩ፤ "ቴስት" እና "ሪሴት" የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያሉት ሶኬት ነው። 5 ሚሊአምፔር አካባቢ ፍሳሽ ሲያገኝ ወዲያው ያቋርጣል። አውሮፓ ላላችሁ አቻው 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚያቋርጠው መከላከያ ነው። ሶኬቱ ገመድ ተሰክቶበትም የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ መልሶ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ እዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። የቤት ማራዘሚያ ገመድ ስኖው ላይ አትዘርጉ። ውጪ ሶኬት ከሌላችሁ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። "የኔ ወንድም ይችላል" የሚባለው ሥራ ይህ አይደለም።

6. ቱቦውና የአየር ድንጋዩ

ሥራው እዚህ ላይ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ቱቦው ከፓምፑ እስከ ኩሬው ድረስ ያለማቋረጥ ቁልቁል ይውረድ። መሃል ላይ ረግቦ ጎድጓዳ ቦታ ከፈጠረ ጠል እዚያ ይጠራቀማል፤ አንድ ሌሊት ሲበርድ የጣት ውፍረት ያለው የበረዶ ቡሽ ይሠራና አየሩ ቀጥ ይላል። ቱቦው እንዲህ ከዘጋባችሁ አትቀጥቅጡት። ነቅላችሁ ወደ ቤት አስገቡት፣ ይቅለጥ፣ አራግፉትና መልሱት። ከተቻለ ትርፍ ቱቦ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲቀልጥ ሌላው ይሠራል። ቱቦው በብርድ የማይሰነጠቅ፣ ወፍራምና ጥቁር ጎማ ቢሆን ይመረጣል። ቀጭኑ ግልጽ ፕላስቲክ ብርድ ሲነካው ይደርቃል፤ ሲታጠፍም ይሰበራል።

ድንጋዩን የምታስቀምጡት በጥልቁ ክፍል አይደለም። ብዙ ኩሬዎች ዳር ላይ የተክል መደብ አላቸው፤ እዚያ ላይ አድርጉት። ከውሃው ገጽ 30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ግግሩ ወፍሮ ድንጋዩን ራሱን ሊውጠው ይችላል። ከዚህ የጠለቀ ከሆነ የታችኛውን ውሃ ይቀሰቅሳል። ኩሬያችሁ መደብ ከሌለው ብሎኬት አስገብታችሁ በላዩ ላይ አስቀምጡ፤ ከብሎኬቱ ሥር ግን የላስቲኩን ወለል እንዳይቀደው ወፍራም ጨርቅ ወይም ቁራጭ ላስቲክ ደርቡ። ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ከቱቦው ጋር አብራችሁ እሰሩት።

አንድ ትልቅ ከምትገዙ ሁለት ትንንሽ ይሻላል። ሁለቱን 30 ሴንቲሜትር ያህል አራርቃችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ ቢደፈን ሌላው ቀዳዳውን ይጠብቃል። ለየቱቦው መቆጣጠሪያ ቧንቧ ግጠሙና አረፋው ውሃውን ለስለስ አድርጎ እንዲያንቀሳቅስ አስተካክሉ። ውሃው እየዘለለ የሚረጭ ከሆነ በዝቷል።

ፓምፑን የምታስነሱት ውሃው 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በረዶ ከመጣሉ በፊት ነው። አንዴ የተዘጋን ኩሬ ከመክፈት እንዳይዘጋ መጠበቅ ይቀላል።

ሲሠራ እንዲህ ይመስላል። ብርድ ያደረ ጠዋት ላይ ኩሬው ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ከድንጋዮቹ በላይ ብቻ ሰፌድ የሚያክል ጥቁር ውሃ እየተንተከተከ ይታያል። ጠርዙ ላይ የተረጨው ጠብታ እየረጋ ትንሽ ከንፈር ይሠራል። በጣም ሲበርድ ከንፈሩ እየተሳበ ይመጣና በአረፋው ላይ ጉልላት ይደፋል፤ ጫፉ ላይ የአውራ ጣት ቀዳዳ ትቀራለች። አትደንግጡ። በዚያች ቀዳዳ እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ ጋዙም እየወጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አረፋው በዙሪያው ያለውን ግግር ያሳሳዋል፤ ከላይ ሲታይ ግን የቀረው ወፍራም ይመስላል። ልጆች ካሉ ኩሬው ይታጠር። እናንተም አትርገጡት።

7. ማሞቂያው ለክፉ ቀን

ዴንቨር ላይ ክፉ ቀን ማለት ምን እንደሆነ ዲሴምበር 2022 አሳይቷል። በ21ኛው ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ፋራናይት ወደ 5 ፋራናይት ወረደ። በማግሥቱ ከዜሮ በታች 24 ፋራናይት ደረሰ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ሌሊት ትንሽ ፓምፕ ብቻውን ቀዳዳ ክፍት አድርጎ ላያድር ይችላል።

ተንሳፋፊ ማሞቂያ የሚገባው ለዚህ ነው። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እያየ ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ያለው ይሁን። ሶኬቱ ላይ የሚሰካ፣ 35 ፋራናይት ሲደርስ የሚያስነሳ፣ 45 ሲደርስ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ለብቻው ይሸጣል፤ የመብራት ሒሳቡን በጣም ይቀንሳል። ለከብት መጠጫ ገንዳ የተሠራውን ማሞቂያ ላስቲክ ወለል ባለው ኩሬ ውስጥ ከተጠቀማችሁ መከለያ ያለው መሆኑን እዩ፤ ዕርቃኑን የሆነው ላስቲኩን ያቀልጠዋል። ከአየር ድንጋዩ ትንሽ አርቁት፤ አረፋው ሙቀቱን እየበተነ ያባክነዋል።

8. በየቀኑ የሚታይ

ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቀዳዳው ክፍት ነው? ፓምፑ ድምፅ አለው? ሳጥኑ ላይ ስኖው ተከምሯል? ይኼው ነው።

ስኖው በጣለ ቁጥር ከግግሩ ላይ የተወሰነውን ከዳር ሆናችሁ በረጅም መጥረጊያ ጥረጉ፤ ግማሹ ቢጠረግ በቂ ብርሃን ይገባል። አልፎ አልፎ የውሃውን ከፍታ እዩ። ግግሩና ውሃው መካከል ባዶ ቦታ ከተፈጠረ ውሃ እየቀነሰ ነው። የዴንቨር አየር ደረቅ ስለሆነ የሚተን ውሃ ቀላል አይደለም። ስትሞሉ የቧንቧ ውሃውን በክሎራሚን ማስወገጃ አክሙት። ዴንቨርም ዲሲም ውሃቸውን የሚያክሙት በክሎራሚን ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ክሎሪን ባልዲ ውስጥ ስላሳደራችሁት ብቻ አይጠፋም።

ቀዳዳው ከተዘጋ

መጥረቢያ፣ መዶሻ፣ አካፋ አታንሱ። የምቱ ሞገድ በውሃው ውስጥ ሄዶ ዓሣዎቹን ይመታቸዋል፤ ተኝተው ያሉ ናቸውና መሸሽ አይችሉም።

ትልቅ የብረት ድስት በፈላ ውሃ ሙሉና ግግሩ ላይ አስቀምጡት። ሰምጦ እንዳይቀር እጀታውን በገመድ እሰሩና ገመዱን ዳር ላይ ያዙት። ሲቀዘቅዝ ውሃውን ቀይሩ። ድስቱ ራሱን በክቡ እያቀለጠ ይወርዳል። ግግሩ ወፍራም ከሆነ ሦስት አራት ዙር ሊፈልግ ይችላል፤ ታገሡ። የፈላውን ውሃ በቀጥታ አታፍስሱ። ጨው አትነስንሱ። የመኪና አንቲፍሪዝ ደግሞ መርዝ ነው፤ ወደ ኩሬው ዝር አይበል።

መብራት ቢጠፋ አትሯሯጡ። አንድ ሁለት ቀን ዓሣዎቹን አይጎዳም። ከዚያ ካለፈ ድስቱን አምጡ።

ቀዳዳው ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ፣ ወይም ዓሣዎቹ ከታች ወጥተው ቀዳዳው ሥር አፋቸውን እየከፈቱ ከተሰበሰቡ፣ ውሃው ታሟል። ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ውሃ በታከመና በጣም ባልሞቀ ውሃ ቀስ ብላችሁ ቀይሩ። አየሩን ለጥቂት ቀናት ጨምሩ። እዚህ ላይ ቅዝቃዜውን መፍራት ተዉት፤ መታፈኑ ይብሳል።

ሌላ ቦታ ላላችሁ

ሚኒሶታ ያላችሁ፣ የእናንተ ግግር ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚወፍር ድንጋዩን 60 ሴንቲሜትር ድረስ አውርዱት። ማሞቂያውም ለእናንተ ትርፍ ዕቃ አይደለም። ኩሬው 1.2 ሜትር እንኳ ካልጠለቀ ዓሣዎቹን ቤዝመንት ውስጥ ባለ ትልቅ ገንዳ፣ ከነማጣሪያው፣ ማክረም ይሻላል።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ኩሬው ይዘጋል፣ በሳምንቱ ይከፈታል። ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ትንሽ ፓምፕ ብቻ ይበቃችኋል። የእናንተ ጠላት ቅጠሉ ነው።

አዲስ አበባ ጓሮው ላይ ኩሬ ያለው ዘመድ ካላችሁ ይህን አትላኩለት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም ኩሬ በግግር አይዘጋም። ቆሮሶ የሚያረባ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ አልጌ በበዛበት ኩሬ ኦክሲጅን የሚያጥረው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ድንጋዩ ታች ይሁን፣ ፓምፑም ሌሊቱን ይሥራ።

ስፕሪንግ ሲመጣ

ማርች ላይ ሙቀት አይታችሁ ዕቃውን አትሰብስቡ። ዴንቨር ላይ ማርች ስኖው በብዛት ከሚጥልባቸው ወራት አንዱ ነው። ፓምፑ ባለበት ይቆይ፤ ማሞቂያውም እስከ ኤፕሪል አጋማሽ አይነሳ።

ውሃው ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ያለበት ጊዜ ለዓሣ አደገኛ ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ ይነቃል፤ የዓሣው በሽታ የመከላከል አቅም ግን ገና ነው። ቁስል፣ የተነሳ ቅርፊት፣ የተበላ ክንፍ ካያችሁ ቶሎ መድኃኒት ፈልጉ። ከወለሉ ላይ የቀረውን ዝቃጭ በጥቂት በጥቂቱ አውጡ።

ውሃው ለአንድ ሳምንት ያህል ከ10 ዲግሪ ሳይወርድ ሲቆይ ድንጋዩን ከመደቡ አንስታችሁ ወደ ጥልቁ መልሱት፤ አሁን ውሃው ቢደባለቅ ደግ ነው። ምግቡን በስንዴው ዓይነት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በሚጨርሱት መጠን ጀምሩ። የፓምፑን የአየር ማጣሪያ አጥቡ፤ ድምፁ ከተለወጠ ዲያፍራሙን ቀይሩ። ማሞቂያው ላይ የተጋገረውን ነጭ ኖራ በኮምጣጤ አስለቅቃችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከትርፉ ቱቦ ጋር በአንድ ሳጥን አስቀምጡት።